ኮሶ ከቆሼ ሲታይ

ከቡታጅራ ወደ ቆሼ የሚወርድ መንገደኛ አገሩ በአጭር ጉዞ ውስጥ መልኩን ሲለውጥ ያያል። በየጓሮው ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው እንሰት ይሳሳል፤ መሬቱ ይዘረጋል፤ ግራሩ ብቅ ብቅ ይላል፤ አየሩ ይሞቃል። ቆሼ የማረቆ ከተማ ናት፤ ማረቆ ደግሞ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ በርበሬ ነው። ገበያ ላይ «የማረቆ ነው» የተባለ በርበሬ ተጨማሪ ምስክር አያስፈልገውም፤ ቀለሙና ቃናው ስሙን ቀድመውት ይታወቃሉ። ከተማዋ ዳር ቆሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሰው ግን ከበርበሬው ማሳ ባሻገር የጉራጌን ተራሮች ያያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ የሚለውን ዘቢዳርን። ይህ ማስታወሻ የሚያወሳው ቆሼ ላይ ስለማይበቅል ዛፍ ነው፤ ስለ ኮሶ። ኮሶ የደጋና የውርጭ ዛፍ ነው፤ ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ ካልሆነ አይመቸውም፤ ቆሼ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ተቀምጣለች። ሆኖም ስለዚህ ዛፍ በትክክል ለማሰብ ከግንዱ ሥር ከመቆም ይልቅ ቆሼ ላይ ቆሞ ሽቅብ ማየት ይሻላል። ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ፤ የምሞግትለትን ግን ከአሁኑ ልናገር። የኮሶ የመድኃኒትነት ዘመን አልፏል፤ ማለፉም መልካም ነው። የዛፍነቱ ዘመን ግን አላለፈም፤ ሁለቱን ጉዳዮች አንድ አድርገን በማየታችን ዛፉን ያለ ጠበቃ አስቀርተነዋል።

ኮሶ ከሩቅ የሚለይ ዛፍ ነው። እስከ 20 ሜትር ያድጋል፤ ልጡ ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ቅጠሉ እንደ ላባ በሁለት ረድፍ የተደረደረ ነው፤ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ይወርዳል። በዘሩ የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ ሳይንሱ ባወጣለት ስም ሥር ግን ብቻውን የቆመ፣ ወንድም የሌለው ዛፍ ነው። የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ክፍል የአገራችንን የቀድሞ መጠሪያ ይዟል፤ መኖሪያው ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች ተነስቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ በኩል እስከ ማላዊ ከፍታዎች ይዘልቃል። ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው። የቀድሞ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ለመድኃኒት የሚለቅሙት ቀላ ያለውንና ጠንከር ያለውን የሴቴውን አበባ ነበር። አማርኛችንም ዛፉ በሕይወታችን ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ይመሰክራል። በብዙ ቋንቋ መድኃኒት ስሙን ከበሽታው ይወስዳል፤ እኛ ጋ ግን በሽታው ስሙን ከመድኃኒቱ ወሰደ። በሆድ ውስጥ የሚያድገውን ረጅም ጠፍጣፋ ትል «ኮሶ» እንለዋለን፤ «ኮሶ ታየበት» ስንል ዛፍ ታየው ማለታችን አይደለም። የመረረንን ሁሉ «እንደ ኮሶ» እንላለን። የሕዝብ አፍ እንዲህ የሚያደርገው ሁሉም የቀመሰውን ነገር ነው።

ሁሉም ለምን እንደቀመሰው ለማወቅ የጉራጌን ማዕድ ማየት ይበቃል። ለመስቀል ክትፎው በቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ሲቀርብ የአንድ ሕዝብ የመተሳሰቢያ ማዕድ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሌላው የአገራችን ክፍልም የክብር ምግብ ነው። ትሉ የሚያድርበትም በዚሁ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ሰው የወጣው እንቁላል ሣሩን ይበክላል፤ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ወደ ጡንቻው ገብቶ እንደ ፍሬ የሚታይ ከረጢት ይሆናል፤ ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ጭንቅላቱን ተክሎ ሜትሮች እስኪረዝም ያድጋል፤ ካልወጣም ለዓመታት ይኖራል። እንግዲህ ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ጋር የተፈራረመ ዛፍ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንደኛው ለሌላኛው ዋስ ነበር። የውጭ አገር መንገደኞች የጻፏቸው ማስታወሻዎች ኢትዮጵያውያን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር ደጋግመው ያነሳሉ። አበባው ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ሰውየው ማታውን ጾሙን አድሮ በማለዳ በባዶ ሆዱ ይጨልጠዋል። ከዚያ በኋላ ማቅለሽለሹን እየታገለ ቤቱ ይውላል፤ ትሉ ከነጭንቅላቱ ካልወጣ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የቀረው ጭንቅላት እንደገና ያቆጠቁጣልና።

ይህ እውቀት በደጋው ተወስኖ አልቀረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1772 አገራችንን ጎብኝቶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ኮሶን በሥዕል አስደግፎ አስተዋወቀው፤ ዛፉ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ እየተተከለ የአካባቢው ሰው ሲጠቀምበት ማየቱንም ጻፈ። በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ደግሞ ስለ አበባው ሰምቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ አደረሰ፤ ለተወሰነ ጊዜም ዛፉ በሳይንስ መጻሕፍት በእርሱ ስም ይጠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ የሚሸጥ፣ በእንግሊዞች ይፋዊ የመድኃኒት መዝገብ የሰፈረ ዕቃ ሆነ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ይህን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1979 በጻፈው ጥናት በዝርዝር ተከትሎታል። በአገር ቤት ግን መድኃኒቱን ሁሉ ሰው እየፈለገው ሻጩን የሚያከብር አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር የማያውቅ የለም። በስድቡ ውስጥ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ ዙፋን ላይ የተቀመጠውም ሆነ ገበሬው በየወሩ ሆዱን የሚያጸዳለትን ሰው እጅ ሲንቅ ኖሯል። የተናቀ እውቀት ደግሞ ይደበቃል እንጂ አይጻፍም፤ አይመረመርም፤ ስህተቱም አይታረምም።

ወደ ክርክሬ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ኮሶ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ተአምርም ምትሃትም አልነበረም። በአበባው ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል፤ ትሉን የሚያሽመደምዱና የሚገድሉ መሆናቸውም ታውቋል። ነገር ግን ትሉን የሚያሽመደምደው ነገር ሰውንም አይምርም። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው፣ ትኩሱ ከቆየው በኃይሉ ይለያያል፤ መለኪያው ግን እፍኝ ነበር። መጠኑ ሲያንስ ትሉ ይቀራል፤ ሲበዛ ሰው ይጎዳል። ኮሶ አብዝተው የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ብርሃን መጎዳቱን ሐኪሞች በአገራችን ሳይቀር መዝግበዋል፤ ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት እንደሚችልም ይታወቃል። የድሮ ሰው ይህን ጨርሶ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። የሚያውቀው ግን በአንድ ቤትና በአንድ መንደር ልክ ነበር፤ ስንት ሰው እንደዳነ፣ ስንት ሰው ዓይኑ እንደጠፋ የሚቆጥር አልነበረም። ከቆሼ አቅራቢያ ያለችው ቡታጅራ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሰጠናለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ በሚገኙ ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግቡ ኖረዋል። ይህ አሰልቺ የሚመስል ቆጠራ የሚያስተምረው ትልቅ ነገር አለ፤ ሞቱን ያልቆጠረ ኅብረተሰብ ከሞቱ አይማርም። ኮሶም ሲያድን ይወራለት ነበር፤ ሲጎዳ ግን ነገሩ በ«ዕድሉ ነው» ይታለፍ ነበር።

ዛሬ ለዚህ ትል ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። መጠናቸው በሚዛን የታወቀ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚበቁ፣ ከኮሶ ጋር የማይወዳደር ደኅንነት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ «ኮሶ ልጠጣ ወይስ ክኒን ልዋጥ?» ለሚል ሰው መልሱ መወላወል የለበትም፤ ክኒኑን ይዋጥ። ይህን ስል የሚነሳብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ክብደቱም ይሰማኛል። ይህ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው፤ ፈረንጅ እንኳ ከእኛ ወስዶ በመዝገቡ ያሰፈረውን ነገር እኛው ራሳችን ስንጥለው ራስን መናቅ አይሆንም ወይ? የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው። አባቶቻችንን የምናከብረው የሠሩትን ሥራ በመቀጠል ነው፤ እነርሱ ደግሞ የሠሩት መሞከርና መምረጥ ነበር። ከአበባዎች ሁሉ ኮሶን የለዩት፣ ከኮሶም ሴቴውን ከወንዴው የመረጡት በሙከራ ነው፤ የተሻለ ሲያገኙ ያነሰውን ትተዋል። የተሻለ መድኃኒት በእጃቸው ቢገባ ኖሮ ዓይናቸውን ለአደጋ እያጋለጡ ኮሶውን ሙጥኝ ይሉ ነበር ብሎ ማሰብ እነርሱን ማሳነስ ነው። ባህላዊውን እውቀት በቁም ነገር መያዝ ምን እንደሚመስል ካስፈለገ የመተሬን ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንደ ኮሶና እንደ እንቆቆ ሁሉ መተሬም የታወቀ የትል መድኃኒት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የመተሬን ዘር ምስጢር መርምረው መጠኑ የታወቀ ክኒን አድርጎ ለማዘጋጀት ጥናት አካሂደዋል። የሚገባው አክብሮት እንዲህ ያለው ነው፤ ይመዘናል፣ ይፈተናል፣ ካለፈ ይታመናል፣ ካላለፈ ይተዋል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም ይልቅ ሰብአዊ የሆነው እርሱ ነው። ክኒን ያለው ከተማ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ርቆ ተራራ ላይ ለሚኖር ድሃ ኮሶን ንቀህ ምን ትሰጠዋለህ? ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ኮሶ አይደለም። ድሃው ዘንድ ሚዛን የለም፤ መጠኑ ቢበዛበት የሚያነሳው ሐኪምም ቅርቡ የለም፤ ስለዚህ አደጋው ከሁሉ በላይ የሚከብደው በእርሱ ላይ ነው። ደግሞም ኮሶ ትሉን ያስወጣል እንጂ ዙሩን አይሰብርም። ሰውየው ዛሬ ጠጥቶ ቢጸዳ መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር ሣሩ እንደተበከለ ነው፤ ከብቱ ይግጣል፤ ሥጋው ሳይመረመር ይታረዳል፤ ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው ያንኑ ዱቄት ይበጠብጣል። አያቶቻችን በየወሩ መጠጣታቸው የመድኃኒቱን ብርታት ብቻ አያሳይም፤ ማብቂያ የሌለው እሽክርክሪት ውስጥ እንደነበሩም ያሳያል። እሽክርክሪቱን የሚያስቆመው መጸዳጃ ቤት፣ የሥጋ ምርመራና እሳት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ደግሞ ክኒኑ። ለድሃው የምንቆረቆር ከሆነ ጤና ኬላው ክኒን እንዳያጣ መሟገት ይገባናል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በዛፉ ላይ የተፈረደ ይመስል ይሆናል፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ዛፉን ለዘመናት የጠበቀው ጥቅሙ ነበር። ብሩስ እንደታዘበው በደብሩ ቅጥር ውስጥ የቆመ ኮሶ ለመንደሩ ሁሉ መድኃኒት ቤት ነበር፤ የመንደሩን መድኃኒት ቤት በመጥረቢያ የሚመታ ሰው ከጎረቤቱ ሁሉ ይጣላል። ክኒኑ ሲመጣ ይህ አጥር ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የኮሶ ጥቅም ሆኖ የቀረው ከነሕይወቱ ሳይሆን ተቆርጦ የሚሰጠው ሆነ። እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ለቤት ዕቃና ለወለል ሳንቃ የሚወደድ ነው፤ ለማገዶም ይሆናል። መንግሥት አደጋውን አልሳተውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ልዩ ጥበቃ ከሚሹ አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ አድርጎ ዘርዝሮት ነበር። ሕግ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አዋጅ በቢሮ ይውላል፣ ዛፍ በተራራ ያድራል። ኮሶ ደግሞ እንዲሁ ቢተዉት በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ችግኙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ከብት ያገኘውን ለጋ ሁሉ ይቀጥፋል። ወንዴና ሴቴው የተለያዩ በመሆናቸውም በአንድ ጉብታ ላይ ብቻውን የቀረ ኮሶ፣ ምንም ያህል ግርማ ቢኖረው፣ ልጅ የሌለው ሽማግሌ ነው።

«ታዲያ መድኃኒትነቱ ካለፈ፣ መቁረጡም ከተከለከለ ገበሬው ለምን ይተክለዋል? ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጣና ሆኖ ገንዘብ ያመጣለታል» የሚለው የተቃውሞዎች ሁሉ ራስ ነው። ባሕር ዛፍን መስደብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልሰድበውም። በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የስንቱን ቤት ማገር ሆኗል፤ የስንቱን ልጅ የትምህርት ወጪ ሸፍኗል፤ ለጉራጌ ገበሬ በቁሙ የተቀመጠ ዕቁብ ነው። ገበሬው ባሕር ዛፍ መትከሉ ስግብግብነት አይደለም፤ በደንብ የታሰበ ሒሳብ ነው። ሆኖም የገበሬው ሒሳብ የማይመዘግበው ወጪ አለ፤ ወጪውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለሆነ። ያ ሰው ደግሞ ታች ቆሼ ላይ ነው።

ቆሼ ላይ ቆመን ማየት ያሻን ለዚህ ነው። ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚነሱ ጅረቶች ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ መቂ ወንዝም የተራሮቹን ውሃ ሰብስቦ ዝዋይ ሐይቅ ያደርሳል። ተራራው ሲራቆት ክረምቱ ከአፈሩ ጋር ይወርዳል፤ ቦረቦር ማሳ ይበላል፤ ሐይቁ ደለል ይቀበላል፤ በጋው ደግሞ ይደርቃል። እዚህ ላይ ከእውነቱ ማለፍ አልፈልግም፤ ዛፍ ውሃ አይፈጥርም፤ እንዲያውም ይጠጣል። ሥራው ሌላ ነው። የዝናቡን ጠብታ ጉልበት በቅጠሉ ይሰብራል፤ ረግፎ በተከማቸው ቅጠል ሩጫውን ያዘገያል፤ በሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። «ይህንማ ማንኛውም ዛፍ ያደርገዋል፤ ለምን ኮሶ?» ቢባል መልሱ ከፍታው ላይ ነው። ወደ ተራራው አናት በቀረብን መጠን ውርጩን ችለው ትልቅ ዛፍ የሚሆኑ አገር በቀሎች ቁጥር ይመናመናል፤ ኮሶ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ፣ በብዙ ቦታም ከአስታና ከቁጥቋጦው በፊት የምናገኘው የመጨረሻው ትልቅ ዛፍ ነው። በአጣና ዕድሜ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ተዳፋቱን ያራቁታል፤ ከሥሩም ብዙ ሣር አያበቅልም። ኮሶ ግን ለዘለቄታው ይቆማል፤ የሚረግፈው ቅጠሉ አፈር ያዳብራል፤ አበባው ለንብ ይሆናል። ጉዳዩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ደግሞ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያሉት የቪሩንጋ ተራሮች ናቸው። የተራራ ጎሪላዎች መኖሪያ የሆነው ደን በትላልቅ የኮሶ ዛፎች የተሞላ ነው። እዚያ ኮሶን ለመድኃኒትነቱ ብሎ የቆመለት የለም፤ በሥሩ ስላለው ሕይወት ሲባል ግን ከነደኑ ይጠበቃል፤ ዓለምም ሁሉ ያንን ደን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል።

እንግዲህ የሚሻለው ምንድን ነው? ገበሬውን ባሕር ዛፍህን ንቀል ማለት አይደለም። ለአጣና የሚሆነው መሬት ለአጣና ይሁን፤ የወንዝ መነሻው፣ ገደላ ገደሉና ተዳፋቱ ግን ለኮሶና ለጓደኞቹ ይተው። ችግኝ ጣቢያዎች ሴቴና ወንዴ ዛፎች ከሚገኙበት ቦታ ዘር ይሰብስቡ። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በቅጥራቸው ያለውን ኮሶ ለዘር ይጠብቁት፤ አንድ ዛፍ ብቻ ያለበትም አጠገቡ ጥቂት ችግኝ ይትከልበት። ችግኙ ከከብት አፍ እስኪያመልጥ የሚታጠርበት እሾህና የሚጠብቀው ሰው ዋጋ ያስወጣል፤ ዋጋውን ግን ደገኛው ብቻውን መክፈል የለበትም። ጉራጌ ለጋራ ሥራ መዋጮን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ጉራጌዎች በራሳቸው መዋጮ መንገድ በሠሩበት አገር በኩል ያልፋል፤ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዚህ ስሙን አስጠርቷል። ለመንገድ የተዋጣው ለተራራ አናት ሊዋጣ ይችላል፤ የላይኛውና የታችኛው አገር የሚገናኙት በመንገድ ብቻ አይደለምና።

የማረቆ ሰው የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ አዝመራ አለው፤ ከደገኛው ጎረቤቱ ጋር በገበያ ይገናኛል፤ በርበሬ ይወርዳል፣ ቆጮና ቅቤ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ልውውጥ ውስጥ ስሙ የማይጠራ አንድ ዕቃ አለ፤ ውሃ። ተሸካሚ ሳያስፈልገው በራሱ ይወርዳል፤ ዋጋም አልወጣለትም። ቆሼ ላይ በርበሬውን የሚያሰጣ ገበሬ ኮሶ የሚባለውን ዛፍ በዓይኑ አላየው ይሆናል፤ አያቱ ያወቁትን ምሬት እርሱ ከእንግዲህ መቅመስ የለበትም። ልጁ ሆዱን ሲያመው በጤና ጣቢያው ክኒን ያግኝ። እርሱም ከማሳው ቀና ብሎ ወደ ዘቢዳር ሲያይ ከዚያ የሚወርደው ጎርፍ ይሁን ወይስ የጠራ ምንጭ በከፊል በዚያ መራራ ዛፍ እጅ መሆኑን ይወቅ፤ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ስለ ላይኛው አገር ችግኝ ሲነሳም «ይህ የደገኛ ጉዳይ ነው» ብሎ አይለፈው።